ደጅ መውጣት ያልቻሉ

ቤተል ላንዲንግ፣ ሚሲሲፒ
ሐሙስ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1971

እናትም እህትም ለሆንሽኝ እትዬ፣

ከወንዙ ማዶ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ጥጥ ተለቅሞ ሲያልቅ የሚመጣው ብርድ ዘንድሮም ጀመረሽ ወይስ ማረሽ? የዶሮዎችሽ ነገር፣ የቤተ ክርስቲያናችሁ ጣሪያ ነገር አሳስቦኛል። እኔ ጌታ ይመስገን በልቼ አድራለሁ።

በደብዳቤሽ ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል፤ ወንድም ሮስኮ ቤል ሁለት እሑድ ከሬዲዮ ለምን እንደጠፋና ባለፈው እሑድ የሕመምተኞቹን ስም ያነበበችው ሴት እኔ እሆን እንደሆነ። አዎ፣ እኔ ነኝ። እንደ ፍየል ተንቀጠቀጥሽ ያልሽኝም እውነት ነው።

ወንድም ሮስኮ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ሬዲዮ ጣቢያ ሲቀጠር ሥራው ዘፈን ማጫወትና የፀጉር ቅባት ማስተዋወቅ ነበር። ነጮቹ ባለቤቶች ለሕዝብ ጉዳይ የሚሆን ሰዓት አሳዩ ተብለው በመንግሥት ሲጠየቁ፣ ማስታወቂያ የማይገዛበትን የእሑድ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ወረወሩለት። እሱም «የቤታችን ጉዳይ» አለው። የምርጫ ካርድ ሊያወጣ ሄዶ የተደበደበውንም፣ ያስደበደበውንም ሹም አስቀምጦ አነጋገረ። ጮኾ አያውቅም። ሹሙ ሲዋሽ፣ «ጌታዬ፣ እባክዎ ይድገሙልኝ፤ ከኋላ የተቀመጡት እናት አልሰሙም» ይላል። ክፍሉ ውስጥ እናት የለችም። ውሸት ግን ሲደገም ያስታውቃል።

እኔ ወለል ልጠርግ ገብቼ፣ የዜና ማሽኑ የሚተፋውን ወረቀት ከቅርጫት እያወጣሁ ፊደል እንደለቀምኩ ታውቂያለሽ። ወንድም ሮስኮ የድምፅ ቴፕ በምላጭ ሲቆርጥ አውራ ጣቱን የሸረከተው ቀን ደሙን የጠረግሁትም በዚያው ወረቀት ነበር። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። በኋላ ስልክ እንዳነሳ አደረገኝ። የሕመምተኞቹንም ስም የምጽፈው እኔ ሆንኩ። «ታመው የተኙ፣ ደጅ መውጣት ያልቻሉ» የሚለውን ዝርዝር አንቺም ቆመሽ ነው የምትሰሚው። ባለቤቶቹ እንኳ አንድም ቀን ነክተውት አያውቁም።

በዚህ በጋ እናቶች ወደ ጣቢያው መምጣት ጀመሩ። ልጆቻቸው በትንሽ ጥፋት ወደ ካውንቲው የእስር እርሻ ተወስደው፣ ጊዜያቸው ቢያልፍም አልወጡም። ሲጠይቁ የሚመልስላቸው የለም። ወንድም ሮስኮ አሥራ ሁለት ስም ሰበሰበ። በኦክቶበር የመጀመሪያው እሑድ አንድ በአንድ እጠራቸዋለሁ አለ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ የሚስተር ፔትዌይ የመጨረሻ ልጅ ነው። ሚስተር ፔትዌይ የእኛው ሰው ነው፤ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ ድምፃችንን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴክኒሻን።

ከዚያ እሑድ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ስልክ ተደወለ። አፉን በጨርቅ ያፈነ ወንድ ነው፤ በሽተኛ ላስመዝግብ አለኝ። ስሙን ኦባዲያ ትሬድጊል ብሎ ነገረኝ። ምን አመመው ስለው፣ ገና አልጀመረውም ብሎ ስልኩን ዘጋ። የማይሰማ ሽማግሌ መስሎኝ ጻፍኩት።

በማግስቱ ወንድም ሮስኮ ዝርዝሩን ሲያነብ እዚያ ስም ላይ ቆመ። ትንፋሹ ተሰማ። ከዚያ እንደ ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ አነበበው። ሲወጣ፣ «እህት፣ እናቴ ያወጣችልኝን ስም ማን ነገረሽ?» አለኝ። ሮስኮ ቤል የሬዲዮ ስሙ ነው ለካ። እናቱ ያወጣችለት ስም ያለው በሥራ ፈቃዱ ላይ ብቻ ነው፤ ፈቃዱ ደግሞ የመሣሪያው ክፍል ውስጥ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። አሥራ አንድ ዓመት አቧራውን ጠርጌዋለሁ። ቅርጫቱን ሁሉ ያነበብኩ ሴት ግድግዳውን አላነበብኩም።

ስሙ የተጠራ በሽተኛ ቤት ሰኞ ምግብ ይሄዳል። ሰኞ ጠዋት ወንድም ሮስኮ ደጃፍ ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ የመጋገሪያ ሳህን ተቀምጦ ነበር። ገልጦ ሲያየው አፈር ነው። እርጥብ፣ ከጥልቅ የተቆፈረ አፈር። ሳህኑን አጥቦ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝና ገልብጪው አለኝ። ሳህናችን እንዲመለስልን ሴቶቹ ሁሉ እንደምናደርገው ታቹ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። ፕላስተሩ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነው፤ የራሴ ጽሑፍ።

እትዬ፣ እኔ አይደለሁም ብዬ ማልኩ። እሱ ግን አስቀመጠኝና፣ «አንቺን አልጠረጥርም። ሳህኑ ማን ቤት ነው የቀረብሽ?» አለኝ።

በማርች የሚስተር ፔትዌይ ሚስት ስትሞት የስኳር ድንች ፓይ ጋግሬ በዚያ ሳህን ይዤለት ሄጄ ነበር። ወንድ ልጅ ሳህን አይገለብጥም።

ረቡዕ ዕለት የሚስተር ፔትዌይ ልጅ ከእርሻው ተፈታ። ፊት ለፊት ሦስት ጥርስ የለውም፤ ግን ተፈታ። አባቱ ሲያቅፈው ባየሽ አንቺም አትፈርጂበትም ነበር። እኔም አልፈረድኩም። አሥራ አንዱ ግን እዚያው ናቸው።

ዐርብ ሁለት ሰዎች መጥተው የወንድም ሮስኮን መሳቢያ ሰብረው የስሞቹን ወረቀት ወሰዱ። እሱ የለም። የት ሄደ ብለው ያዙኝ። እኔ ወለል ጠራጊ ነኝ፣ ለእኔ ማን ይነግረኛል አልኳቸው። አንደኛው ሳቀና፣ ይህቺ ስሟንም መጻፍ አትችል አለ። ለቀቁኝ። በየማለዳው ቤቱ ፊት አንድ መኪና ይቆማል፤ አሁን አሁን ደግሞ የእኔ ቤት ፊት።

የስሞቹ ረቂቅ ግን በዜና ወረቀት ጀርባ በእኔ እጅ ተጽፎ አለ። አልፈለጉትም፤ ቅርጫት ውስጥ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ዝርዝሩ ለምን ቀረ ብለው ስለጮኹ፣ ከባለቤቶቹ አንዱ እኔ እንዳነበው ፈቅዷል። ከዝርዝሩ ውጭ አንዲት ቃል እንዳልጨምር አስጠንቅቆኛል። አልጨምርም። ደጅ መውጣት ያልቻሉትን ብቻ ነው የማነበው።

ትናንት ሚስተር ፔትዌይ ሽቦ እየጠቀለለ የእሑዱ ዝርዝር ረጅም ነው ወይ አለኝ። ዘንድሮ በሽታው በዝቷል አልኩት። ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «እህት፣ አጭር አድርጊው፤ ለራስሽ ስል ነው» አለኝ። ሳህኔን መልሼ ወስጃለሁ አልኩት። ሽቦው ከእጁ ወደቀ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሰው በዓሣ መኪናው ተሳፍሮ ይመጣል። የኋላውን ክፍል ስጪው። ጎረቤት ከጠየቀሽ ዲዳ ነው በዪ፤ አንቺም እንዲናገር አትጠብቂ። ሲያስል እንኳ አፉን በትራስ ይፈን፤ ባንቺ ሰፈር እሑድ ጠዋት ሬዲዮ የማይከፍት ቤት የለም። አውራ ጣቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ስታዪ አትደንግጪ። ደብዳቤውን አንብበሽ ምድጃ ውስጥ ክተቺው።

እሑድ እንደ ልማድሽ ቆመሽ ስሚ። አሥራ አንድ ስም ቁጠሪ። ሁለተኛው ላይ ሚስተር ፔትዌይ ይገባዋል፤ ጣቱ ማጥፊያው ላይ ነው። ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ድምፄ መሐል ላይ ከጠፋ ባትሪው ያለቀ መስሎሽ ሬዲዮውን አትምቺው። ወደዚህም አትምጪ። የቀሩትን ስሞች እንግዳሽን ጠይቂው፤ ዲዳ ቢሆንም በቃሉ ያውቃቸዋል።

ያሳደገኝን እጅሽን ጌታ ይባርከው፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጃፍሽን ከክፉ እግር ይጠብቅልሽ።

ፊደል ለቃሚዋ ታናሽ እህትሽ