አጥር የሌለው የብረት በር

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለመምህርት ወሰንየለሽ፣ ኢሉባቦር፣ ጎሬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ከባድ ዜና በታላቅ ክብር አስታውቅሻለሁ። ቀዩ አውራ ዶሯችን ከትናንት በስቲያ ጀምሮ አልጋዬ ራስጌ እንዲያድር ተፈቅዶለታል። ፈቃዱን የሰጠችው አያትሽ ጌታነሽ ናት፤ እኔ አልተጠየቅሁም። ይህን ካወቅሽ ወደ ሰላምታው እንለፍ።

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? የዚያ አገር ዝናብ አልጎዳሽም? ብርድ የለበትም ሲሉ ሰማሁ፤ ብርድ በሌለበት አገር ሰው በምን ምክንያት ይጋባል? ምናልባት የዘገየሽው በዚህ ይሆናል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ይሰንፋል፤ ቁልቁለት ሲያይም እንዲሁ።

ደህና ያልሆነችው እህትሽ የምሥራች ናት። አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ የምትማረው ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው። የመንዝን ጠዋት አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ያ ድንጋይ ውርጭ ታቅፎ ነው የሚያድረው። ልጅቷ ከገና ወዲህ ትስላለች። በቀደም ደግሞ "አባባ፣ ትምህርቱ ይቅርብኝና ከበጎቹ ጋር ልዋል፤ እነሱ ይሞቃሉ" አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደሜ እንደ ፈላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስቀል እንዳለፈ ለትምህርት ቤታችን ከፌዴራል ድጎማ መጣ ተባለና ወላጆች ተጠራን። እኛ አገር ከመንግሥት መጣ የተባለ ነገር ስንዴ ነው፤ ሌላ አይተን አናውቅም። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ጆንያውን ታቅፎ፣ አህያውን እየነዳ መጣ። ጎረቤታችን ተክለጻድቅማ ዘይትም ቢኖር ብሎ ጄሪካን ጨምሯል። የተማረች ልጅ ያለችኝ እኔ ብቻ ነገሩ ገብቶኝ ባዶ እጄን ሄድኩ። ዲሬክተሩ አቶ አባይነህ ጆንያውን ሲያይ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ "ይሄ ለትምህርት ቤቱ እንጂ ለእናንተ አይደለም" ብሎ ሸኘን። እኛም አፍረን ተበተንን። ምን ላይ ሊያውለው ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። የጎዳን ያ እፍረት ነው።

ጥር ላይ በዚያ ድጎማ ለትምህርት ቤቱ በር ተሠራ። የብረት በር፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ከላዩ "እንኳን ደህና መጡ" የተጻፈበት። አጥር የለውም። ግራውም ሜዳ፣ ቀኙም ሜዳ ነው። ማታ ማታ ዘበኛው በደንብ ይቆልፈዋል፤ ከዚያ በጎኑ ዞሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በእናንተ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ድጎማ ሲመጣ ወላጅና መምህር ተሰብስበው ምን እንደሚቀድም አብረው ይወስናሉ ብለሽ ጽፈሽልኝ አልነበር? ያን ደብዳቤሽን ለወለተኪዳን አነበብኩላት። ልጇ ከየምሥራች ጎን ነው የሚቀመጠው። "እኛ ታዲያ ወላጅ የምንባለው ድንጋይ ለማጋዝ ብቻ ነው?" አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። ሰኞ ጠዋት ሰብሰብ ብለን ሄድን።

አቶ አባይነህ፣ የወላጅና የመምህር ኅብረቱ ተስማምቶበት ነው አለን። የወላጆቹ ተወካይ ማን ነው ብንለው "ተክለጻድቅ" አለ። ተክለጻድቅ አጠገቤ ቆሟል፤ መሾሙን ያን ጊዜ መስማቱ ነው። "ምነው ሳትነግሩኝ፤ ኮቴን አሳጥብ ነበር" አለ። ሰዉ ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅሁም። ሽማግሌን ሳያውቅ ሾመው፣ በስሙ ልጆችን ድንጋይ ላይ ያስቀምጣሉ? በሰው መቀለድ የእኔ ሥራ ነው፤ እሱን ማን ፈቀደለት?

"የኔ ልጅ፣ ጓሳን ታውቃለህ" አልኩት። የጋራ መስካችን ነው፤ ሣሩ እስኪደርስ ይዘጋል። የሚከፈትበትን ቀን እኛው የመረጥናቸው ሽማግሌዎች መክረው በአደባባይ ያስነግራሉ፤ ቀድሞ ማጭዱን ያሳረፈ ይቀጣል። "ለቤት ክዳን ሣር እንዲህ የምንመክር ሰዎች ለልጆቻችን መቀመጫ ሲሆን የማንጠየቅ ምን አድርገን ነው?" አልኩት። ወለተኪዳን ቀበል አድርጋ "ልጄን ሲበርደው በሩን ላልብሰው?" አለችው።

እዚያው ሜዳው ላይ ወኪሎቻችንን መረጥን፤ ወለተኪዳንና፣ አሁንስ እያወቀ፣ ተክለጻድቅ። ከእንግዲህ የሚመጣው ድጎማ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ እንዲነገር፣ ከሁሉ በፊትም አግዳሚ ወንበር እንዲሠራ ተባባልን። አቶ አባይነህ "ወረዳ ልጠይቅ" አለ። ይጠይቅ፤ እኛም በእግራችን ወረዳ እንወርዳለን። አንቺ የወላጅ ሥልጣን እስከምን እንደሆነ አጣርተሽ ጻፊልን። ታዲያ በሚነበብ ፊደል ይሁን፤ ያለፈውን አውራ ዶሮው የጻፈው መስሎኝ ነበር።

አያትሽ ጌታነሽ ጉንጮችሽን ትስማለች። አባትሽ ስንታየሁ ገብሱን ወቅቶ ጨርሶ ሰላም ይልሻል። እናትሽ ገበያነሽ ሰው ካገኘች በሶ ትልክልሻለች። የምሥራች እያሳላትም ቢሆን ትናፍቅሻለች። አብራሽ ለምትኖረው ለሐና ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አንዲት ነገር ቀረች፤ መምህርት ነሽና ስሕተት ታርሚያለሽ። ባዶ እጄን ሄድኩ ያልኩሽ ፈጠራ ነው። ሁለት ጆንያ ይዤ ነበር፣ ያውም የአያትሽን ትልልቆቹን። አንዱን ለወለተኪዳን ልጅ ሰጠሁት። ሌላውን የምሥራች በየጠዋቱ አጥፋ በብብቷ ይዛ ትሄዳለች፤ ድንጋዩ ላይ አንጥፋ ትማርበታለች።

አያትሽ ወልደ ጻድቅ
መንዝ፣ ከዘመሮ በላይ
የካቲት 18 ቀን 2004 ዓ.ም.