ወንድማችን ያስተኛው ካርዶ

ከኒትሳ ሞንፌራቶ፣ ኖቬምበር 13

ለውድ እህቴ ለኦታቪያ፣

ይህ ወረቀት ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ከሸተተሽ ጥፋቱ የፖስታ ቤቱ አይደለም። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና፣ አንድ ጊዜ በሎሚ ታጥቤያለሁ፤ ከዚህ በላይ ማድረግ አልቻልኩም። ሁላችንም ደህና ነን። የጎረቤታችን የእትዬ ፒኖታ ጉልበት ዝናብ በመጣ ቁጥር ያማቸዋል፤ ምላሳቸው ግን ሙሉ ጤነኛ ነው። አንቺስ እንዴት ነሽ? እዚያ ኮርክ ከተማ ፀሐይ ወጥታ ታውቃለች?

የምጽፍልሽ በስልክ ስንገናኝ ሁለታችንም ስለ አየሩ አውርተን ዝም ስለምንል ነው። ለገና እንደማትመጪ ለእማዬ የጻፍሽላትን አንብቤዋለሁ። «ኤቫዚዮ የሌለበት ገበታ ላይ መቀመጥ አልችልም» ብለሻል። አልተቆጣሁሽም። እኔም እስከ ባለፈው እሑድ ድረስ የማስበው እንደዚያ ነበር። የእሑዱን ነገር ግን ከእኔ መስማት አለብሽ።

ከወንድማችን ቀብር በኋላ አንቺ እንደሄድሽ አባዬ የሸክላውን ድስት ጣሪያ ሥር ወዳለው ዕቃ ቤት ወስዶ ደፍቶ አስቀመጠው። «ዘንድሮ እንግዳም የለም፣ ባኛ ካውዳም የለም» አለ። በየዓመቱ ያንን የነጭ ሽንኩርትና የዘይት ማጥቀሻ ሊበሉ ከሚመጡት እንግዶች ጋር ይጻጻፍ የነበረው ኤቫዚዮ ስለሆነ፣ አትምጡ ብሎ የመጻፉ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ቀጠሮ የያዙት ዘጠኝ ቤተሰቦች ነበሩ። ለስምንቱ ጻፍኩ። ዘጠነኛዎቹ ጎርምና ሶልቫይ የሚባሉ የዴንማርክ ባልና ሚስት ናቸው፤ ቀጠሯቸው ለእሑዱ የቅዱስ ማርቲን ቀን ነበር። ኤቫዚዮ እንደ አብሮ አደግ ነበር የሚጽፍላቸው። «ባዶ ሆዳችሁን ኑ፤ በማግስቱ ከማንም ሰው ጋር ቀጠሮ እንዳትይዙ፤ ሽታው ሁለት ቀን አይለቅም» ብሏቸዋል። የመጨረሻው መልእክቱ ትራክተሩ ዳገቱ ላይ ሊገለበጥ ሦስት ቀን ሲቀረው የተጻፈ ነው። እሱ በሳቀበት ሥር «ወንድሜ ሞቷል» ብዬ መጻፍ አቃተኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ይረሱት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ዴንማርኮች አይረሱም፣ ኦታቪያ።

እሑድ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል፣ በዚያ ዝናብ፣ ሁለት ረጃጅም ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው በእግራቸው ዳገቱን ወጡ። በሩን የከፈተው አባዬ ነው።

«ኤቫዚዮ አለ?» አለች ሴትየዋ በተሰባበረ ጣልያንኛ፣ ፊቷ ሁሉ እየሳቀ።

«ኤቫዚዮ ሞቷል» አለ አባዬ። ቃሉን ከአፉ ሲያወጣው ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ! አልጻፍክላቸውም?»

«አልቻልኩም፣ አባዬ።»

ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። ዝናቡ መላጣው ላይ ይወርዳል፤ እሱ ግን አልጠረገውም። «ይቅርታ አድርጉልን፤ አሁኑኑ እንመለሳለን» አለ። እንግዲህ እትዬ ፒኖታን ታውቂያቸው የለ? ጃንጥላቸውን ይዘው አጥሩ ጋ ቆመው ሁሉን ሰምተዋል።

«ዴልሞ! እንግዳ ዝናብ ላይ ማቆም ከማን ነው የተማርከው? አስገባቸው እንጂ!» አሉት አባዬን።

«አስገብቼስ ምን ላበላቸው ነው፣ እትዬ ፒኖታ? ካርዶ የለኝ! ያለ ካርዶ ደግሞ ባኛ ካውዳ አይባልም፣ የበሽተኛ ሾርባ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ወይን ለቀማው እስኪያልቅ ኤቫዚዮ እሾሃማዎቹን አትክልቶች፣ ካርዶዎቹን፣ ጎንበስ አድርጎ አሸዋ ውስጥ ለማስተኛት ጊዜ ያላገኘ መስሎን ነበር። ትራክተሩ ከተገለበጠበት ቀን ወዲህ ደግሞ ከእኛ አንድም ሰው ወደ ወንዙ ማሳ አልወረደም።

ሶልቫይ ግን ስልኳን አውጥታ ለአባዬ ሰጠችው። ኤቫዚዮ ለብቻ በስልኳ የላከላት ፎቶ ነው። ቤልቦ ወንዝ ዳር ያለው ማሳችን፣ የተቆለለ አሸዋ በረድፍ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የኤቫዚዮ ቦት ጫማ አፍንጫው ብቻ። ከሥሩ «ዛሬ የእናንተን ካርዶ አስተኛሁ። እስክትመጡ ነጭ ይሆናል» ይላል።

አባዬ መነጽሩን አድርጎ አየው። አውልቆ ጠርጎ ደግሞ አየው። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር «ሊቪዮ፣ አካፋ አምጣ» አለኝ።

አንቺ የምታውቂውን አላስረዳሽም፤ አካፋው ለላይኛው አሸዋ ነው፣ ጉብጠቱ ጋ ሲደረስ በእጅ ነው የሚሠራው። እኔ በእጄ ሳወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሁልጊዜ ቅርጫት ያዥ ነበርኩ። አሸዋው ቀዝቃዛ ነው፣ ካርዶው ግን ውስጡ የሞቀ ይመስል ነበር። የመጀመሪያውን ስመዝዘው ጀርባው እንደ ሽማግሌ ጎብጦ፣ ወተት መስሎ ወጣ። አባዬ አንዱን ዘንግ ሰብሮ፣ ልጦ፣ ቀመሰና «ጣፍጧል» አለ። ከዚያ የቀረውን ቅርጫት ውስጥ ጨመረው። ጎርም በበኩሉ እጅጌውን ጠቅልሎ እንደ ፍልፈል ይቆፍራል።

«እኚህን ሰውዬ እንዳትመልሷቸው!» አሉ እትዬ ፒኖታ ከላይ ሆነው። «ከእናንተ ከሦስታችሁ ይበልጣሉ!»

«እኛ እኮ ሁለት ነን» አልኩ።

«እሱን እኮ ነው የምልህ! ሦስተኛው ጎድሏችኋል!»

ረድፉ መጨረሻ ላይ ሰባት ካርዶዎች ሳይጎብጡ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አረንጓዴና እሾሃማ እንደሆኑ። ኤቫዚዮ መሽቶበት ነው መሰለኝ የተዋቸው። ስለ እነሱ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ።

ስንመለስ እማዬ ማንንም ሳትጠይቅ ድስቱን አውርዳ አጥባዋለች። ጎርም ነጭ ሽንኩርት እየላጠ «ለአንድ ሰው አንድ ፍሬ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«አንድ ራስ» አለችው።

ሰውየው ሚስቱን አያት፤ ሚስቱም እሱን አየችው።

«አይዞዎት፣ ጌታው» አሉ እትዬ ፒኖታ። «ሁሉም ከበላ የሚሸተው ያልበላው ነው።»

ስድስት ሆነን ዙሪያውን ተቀመጥን። ድስቱ ፍሙ ላይ፣ ዘይቱ ቀስ እያለ ሲንተከተክ፣ በጨው የታሹት ትናንሽ ዓሦች ሟሙተው ጠፍተው። ካርዶ፣ ጥሬ ጥቅል ጎመን፣ በምድጃ የተጠበሰ ቀይ ሥር፣ እማዬ በወይን አተላ ያቆየችው ቃሪያ፣ ሁሉም ለማጥቀስ ቀረበ። ሶልቫይ ዳቦዋን ከእጇ ሥር ይዛ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ስትበላ አባዬ «ማን አስተማረሽ?» ሲላት «ኤቫዚዮ ጽፎልኛል፤ ጠብታ ያፈሰሰ ዕቃ ያጥባል ብሎ» አለች። ይህን ሕግ እኛ ሰምተነው አናውቅም! ከዚያ እትዬ ፒኖታ ኤቫዚዮ በስምንት ዓመቱ ሙሉ ሳህን በልቶ በማግስቱ ቅዳሴ ላይ ሲዘምር፣ ከፊቱ ያሉት መዘምራን አንድ በአንድ ወንበር የቀየሩትን አወሩ። ኦታቪያ፣ ስሙን እኮ ጮክ ብለን ነበር የምንጠራው። ለስድስት ሳምንት «እሱ» ስንለው ከርመን።

ከዚያ እንቁላሉ መጣ።

የቤታችንን ልማድ መቼም አልረሳሽውም፤ ድስቱ ሲጎድል አንድ እንቁላል ይሰበርበታል፣ የሚበላውም ካርዶውን የቆፈረው ነው። ኤቫዚዮ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ለማንም አሳልፎ አልሰጠውም። አንቺ ሰርቀሽ የበላሽ ጊዜ በማንኪያ እስከ ወይኑ ማሳ ድረስ አባሮሻል። እማዬ ሰበረችው፣ አማሰለችው። የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ ማንኪያዬን ግን መልሼ አኖርኩት። አባዬም ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። እኔ እንግዲህ አሁን ሁሉም ነገር ይበላሻል፣ አባዬ ተነስቶ ይሄዳል፣ ድስቱም ተመልሶ ይደፋል ብዬ ፈራሁ።

ሶልቫይ ግራና ቀኝ አየች። ማንም አልፈለገውም ብላ ነው መሰለኝ ዳቦዋን ቆርሳ፣ ድስቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ እንቁላሉን ጠራርጋ በላችው። ሙሉውን! ከዚያ ከንፈሯን ጠርጋ «በጣም ይጣፍጣል፤ ለምንድን ነው የማትበሉት?» አለች።

አባዬ ሳቀ። እንዲሁ ፈገግታ እንዳይመስልሽ፤ ጠረጴዛውን እየደበደበ ነው የሳቀው። እትዬ ፒኖታ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። የተደረገው ሲገባት ሶልቫይ እስከ ጆሮዋ ቀላች፤ አባዬ ግን «አይ፣ አይ፣ እሱ ቢኖር ከሁላችን በላይ የሚስቀው እሱ ነበር» አላትና እማዬን ጠራ። «እንቁላል አምጪ! ያለውን ሁሉ አምጪ!» ስድስት እንቁላል ሰበረበት። ስንት ዓመት የቆየው ሕግ እዚያው ፈረሰ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ለእኔ ሰጥቶ «ብላ፣ ቆፋሪ» አለኝ። በላሁ። ጨው በዝቶበት ነበር።

ሰኞ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህራችን ገና ሳይገቡ በሩ ላይ ቆመው አሸተቱ። ሁሉንም መስኮት አስከፈቱና «ሊቪዮ፣ የእናንተ ቤት ነው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ታዲያ እኔን ሳትጠራ?» ብለው ብቻዬን መስኮት ዳር አስቀመጡኝ። ውጭ ውጭውን ሳይ ዋልኩ፤ ብርዱም ደስ ይል ነበር።

አሁን ስለ ሰባቱ። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብቻዬን ወረድኩ። ኤቫዚዮ ሲያደርግ እንዳየሁት ቅጠሎቹን በገመድ አስሬ፣ ጎንበስ አድርጌ፣ አሸዋ አለበስኳቸው። አንዱ ተሰበረብኝ፤ ስድስቱ ግን ደህና ተኝተዋል። አባዬ መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

«በዚህ ወቅት? ዘግይተሃል እኮ። ውርጭ ይቀድማቸዋል።»

«ለገና ይደርሳሉ።»

«ማን ሊበላቸው?»

«ኦታቪያ ናት የምትቆፍራቸው።»

ዞሮ ወደ ላይ ሄደ። ተናደደ ብዬ ነበር፤ ግን አንድ እስር ገለባ ተሸክሞ ተመለሰ። አለበሳቸው። አየት አደረገና ሌላ እስር ሊያመጣ ሄደ። ዛሬ ጠዋትም ከትምህርት ቤት በፊት ሳይ፣ ሦስተኛ እስር ተጨምሮበታል።

እኔ አላስገድድሽም። እኔ ደህና ነኝ፤ የምተኛው በኤቫዚዮ አልጋ ስለሆነ ክፍሉም ባዶ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፦ እነዚህን ስድስቱን እኔ አልነካቸውም፣ አባዬም አይነካቸውም። አንቺ ካልመጣሽ እዚያው ይቀራሉ።

ጉዞሽን ቅዱስ ማርቲን ያቅናልሽ፣ ሥራሽ ይባረክልሽ፣ ከብርድም ይጠብቅሽ። እማዬ ሹራብሽን እንድትለብሺ ብላለች። አባዬም ይህን እየጻፍኩ ሁለት ጊዜ በአጠገቤ አልፎ ወረቀቱን አይቷል።

የሚወድሽ ወንድምሽ፣
ሊቪዮ

የገናውን እንቁላል ለማንም አልሰጥም፤ ላንቺ ነው። ማንኪያ ይዤ ሩጪ ብልሽ ግን እንደ ድሮው እስከ ወይኑ ማሳ ድረስ ትሮጫለሽ።