አሊፍ፣ ሚም፣ ኑን

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ዛሬ ሰባት ሆኑ። ቤሩት፣ ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ሰፈር ያለችው ክፍላችን ለአራት ሰው ጠባብ ናት፣ ፍራሾቹን ግድግዳ ላይ ካቆምናቸው ግን ሰባት ተማሪ ትችላለች። እሑድ አሠሪዎቻቸው፣ ማዳሞቹ፣ የሚለቋቸው ቀን ነው። ሌላው ገበያ ይዞራል፣ እነዚህ እኔ ጋ ዐረብኛ ፊደል ሊማሩ መጡ። ደስ አይልም?

ካርቶን ላይ ሦስት ፊደል ጻፍኩ። አሊፍ፣ ሚም፣ ኑን። "ከነዚህ ሦስቱ ስንት ቃል ይወለዳል መሰላችሁ?" ኢማን፣ እምነት። አማና፣ አደራ። አሚን፣ ዱዓችንን የምንዘጋበት። ታእሚን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን ኢቃማ ሲታደስ የሚጠየቀው ኢንሹራንስ። አምን ደግሞ ሰላም፣ ደኅንነት...

"የቱ አምን? እነዚያ ወረቀት የሚጠይቁን ፖሊሶች?" አለች መስታወት፣ አብራኝ የምትኖረው።

"እሱው ነው።"

"እንዴ! የምንሸሻቸውና የምናምነው ከአንድ ሥር?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወረቀት ያለን እኮ ግማሽም አንሞላ።

ከሪማ ብቻ አልሳቀችም፣ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ራስ ቤሩት አንድ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው፣ እዚያው ታድራለች። በዕድሜ ታላቄ ሆና ኡስታዛ ትለኛለች። "ማመን፣ አማኝ... የኛም ቃል አይደል ኡስታዛ? ከነሱ ጋር እንዛመዳለን ያኒ።" ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር። እንደማውቅ ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩ የት እጽፋለሁ? ያ ሁሉ የሥር ወሬ ከአንድ የዩቲዩብ ሼኽ ያገኘሁት ነው። ሃያ ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ። አምስቴ አየሁት።

ልጅ ሆኜ ሐይቅ ከተማ አራት ዓመት ቁርኣን ቀርቻለሁ። ስቀራ የሚያርመኝ አልነበረም። መቅራት ሌላ፣ መረዳት ሌላ። ያስቀሩን ሼኽ አባፊጣ "ትርጉሙ ስታድጉ ይመጣል" ይሉን ነበር። አደግኩ... አልመጣም። ቤሩት የሰጠችኝ ዐረብኛ የወጥ ቤት ነው፤ ጥረጊ፣ አምጪ፣ ቀይሪ። የማነበውም ሐረካ ያለበትን ብቻ ነው፣ ከላይ ከታች ምልክት የተደረገለትን። ደብዳቤ፣ ውል፣ የመንግሥት ወረቀት ሐረካ የለውም።

ሴቶቹ ግን የሚያነብ ሁሉ የሚገባው ይመስላቸዋል። እኔም አላረምኳቸው። ኡስታዛ መባል ይጣፍጣል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ጀማይዜ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ወለል እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። ከሪማ የወረቀት ፎቶ ልካለች፣ ከሥሩ የድምፅ መልእክት። በሹክሹክታ። "ኡስታዛ፣ ማዳሜ ፈርሚ አለችኝ። የፈቃድ ነው ትላለች፣ ለልጄ ኒካሕ ልትለቀኝ። ሳሎን ቁጭ ብላ እየጠበቀችኝ ነው። እስቲ እይልኝ፣ ያላ፣ ቶሎ።"

ልጇ ፊርደውስ ታኅሣሥ ላይ ታገባለች። ከሪማ ካየቻት አምስት ዓመቷ።

መጥረጊያውን ጣልኩና አየሁት። ፊደል ለቃቀምኩ። ሸህር የሚል አገኘሁ፣ ወር። ሰፈር የሚል፣ ጉዞ። ወረድ ብሎ ታእሚን... የኔው ሦስት ፊደሎች! የማውቀውን ሳይ ልቤ ረጋ። ሌላው ሁሉ ጨለማ ነው።

አልገባኝም ማለት ያቅታል? "ጥሩ ነው እት ከሪማ፣ የአንድ ወር ፈቃድ ነው፣ ፈርሚ" አልኳት። "ጀዛኪላህ" ብላ ላከችልኝ።

ለምን "አንድ" አልኩ? አንድ የሚል የት አየሁ?

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ከሪማ ለትምህርት አልመጣችም። ደወለች። "ትኬቴ መቼ ነው?" ብላ ማዳሟን ጠይቃ... "ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኢንሻአላህ። ፈርመሻል እኮ" ተባለች። ውል ማደሻ ነው ያስፈረመቻት። ሃያ አራት ወር፣ በመካከሉ ጉዞ የለም።

ማዳሟን ተከራክራታለች። "ኡስታዛዬ አንብባልኛለች፣ ወረቀቱ እንደዚያ አይልም" ብላ። ሴትዮዋ ሳቀችባት። "እሷ ናት የዋሸችው፣ አይደል? አንቺማ አትሳሳቺም" ትለኛለች እያለቀሰች። ምን መለስኩ? "ኔትወርኩ አይሰማም" ብዬ ዘጋሁት።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የቀሩት ስድስቱ ደብተር ይዘው እየጠበቁኝ ነበር። ገብቼ አስተማርኳቸው! ምን ዓይነት ፊት ነው ያለኝ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ለመስታወት ነገርኳት። ሽንኩርት መክተፏን ተወች። "ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል" አለችኝ። ቀጥላ፣ "ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለሷ ንገሪያት እንጂ።" ልክ ናት። እንድታባብለኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

አልደወልኩም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ደወልኩ። "እት ከሪማ፣ ፈቃድ ነው ያለችሽ ውሸት ነው። እኔም ወረቀቱ አልገባኝም ነበር። ፊደል እንጂ ዐረብኛ አላነብም..."

ውኃ ሲፈስ ይሰማኛል፣ ዕቃ እያጠበች ነው።

"ታዲያ ያኔ አልገባኝም ብትዪኝ ምን ነበረበት?" አለች። "እኔስ መች ገባኝ። ምንም አልልሽም ነበር።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጥላ "ፊርደውስን ምን ልበላት?" አለችኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ለስድስቱም ነገርኳቸው። አንዷ ደብተሯን ዘግታ ወጣች፣ ሁለቱ ተከተሏት። ከቀሩት አንዷ በስሜ "ረሺዳ" ብላ ጠራችኝና ለሠራተኛ በነፃ የምትቆም ጠበቃ ስልክ ሰጠችኝ። ኡስታዛ ያለኝ የለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጠበቃዋ ጋ ሄድኩ። ከሪማን ከጭቅጭቁ ወዲህ ከቤት ስለማያስወጧት ብቻዬን። ፎቶውን አይታ "ሳይገባት መፈረሟን የሚመሰክር ካለ ተስፋ አለ፣ ለታኅሣሥ መድረሱን ግን አላውቅም" አለች። "ማን አነበበላት?"

"እኔ።"

"ዐረብኛ ታነቢያለሽ?"

"አላነብም።"

ሙሉ ስሜን ጠየቀች። ካስመጣኝ አሠሪ፣ ከካፊሌ ቤት ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ፣ ኢቃማ የለኝም። ስሜ ወረቀት ላይ ከሰፈረ አምኖች ሊፈልጉኝ እንደሚችሉ አልደበቀችኝም። ተነስቼ ልውጣ ብዬ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ... ከዚያ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ነገርኳት።

ቃሌን በዐረብኛ ጽፋ፣ ለኔ ብላ ሐረካ ጨምራ፣ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። ድምፄን አሳምሬ ማንበብ ጀመርኩ። ልማድ! እሷም ስወርደው ስትሰማ የገባኝ መስሏት ብዕሩን አቀበለችኝ። አቆምኩ።

"አልገባኝም" አልኳት።

"የቱ ቃል?"

"ሁሉም።"

ወንበሯን አስጠግታ በቀላል ዐረብኛ ታስረዳኝ ጀመር። ሁለተኛው መስመር ላይ አስቆምኳት። አራተኛው ላይም። አልተውኩም። የመጨረሻው መስመር "ምስክሯ ዐረብኛ አንብባ መረዳት አትችልም" ይላል። ከሱ በታች ፈረምኩ።