ልጄን ከዋስነት ያውርዱልኝ

ለክቡር የ«ጮራ ዲጂታል ማይኒንግ» ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የልጄን የቢሻውን ፎቶ ከማስታወቂያዎ ላይ ስለማንሳት

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ወገብዎንስ እንዴት አድርጎዎታል? ይህን የምጠይቀው ለወግ ብዬ አይደለም፤ ድንጋይ እየመረጡ በሣጥን ማሸግ ለወገብ እንደማይበጅ ስለማውቅ ነው። ቤተሰብዎ ደኅና እንዲሰነብት፣ ልጆችዎም ወጥተው እንዲገቡ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። በስምዎ ጠርቼ ሰላም ብልዎት ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ለልጄ በስልክ የነገሩት ስም ሌላ፣ ገንዘቡ የገባበት ሂሳብ ስም ሌላ፣ ዛሬ በገጽዎ ላይ የሚነበበውም ሌላ ሆኖ ስላገኘሁት፣ አንዱን መርጬ ሌሎቹን እንዳላስቀይም በማዕረግዎ ብቻ ጠርቼዎታለሁ።

እኔ የትነበርሽ አዘዘ እባላለሁ፤ የኮላ ድባ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ በማታ ትምህርት ስለሆነ የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው፤ ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ። ቢሻው ልጄ ነው። ሣጥንዎን ደረቱ ላይ ታቅፎ፣ በቤታችን ግድግዳ ሥር ቆሞ የሚስቀው፣ «ደስተኛ ደንበኛችን ከደምቢያ» ብለው የጻፉበት ልጅ እሱ ነው። ነሐሴ ላይ ቀብሬዋለሁ። እርስዎ ግን አሁንም ያሠሩታል።

ስለ ውለታዎ ሁሉ ሳላመሰግን ወደ ልመናዬ ብገባ ነውር ይሆንብኛልና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ዋጋው አመሰግናለሁ። ቢትኮይን የሚባለውን የማይጨበጥ ገንዘብ ቀን ከሌት እያሰላ ያወጣል የሚባለው ማሽን ከውጭ እንደሚመጣና ዋጋውም የሚቀመስ እንዳልሆነ ጎንደር ፒያሳ ያሉ ኮምፒውተር ሻጮች ለልጄ ነግረውት ነበር። እርስዎ ግን አዝነውለት በእኩሌታው ሰጡት፤ ያውም ፀሐይ ሳትጠልቅ ከከፈለ ብቻ አሉት። እኛ ገበያ በሬውን በእኩሌታ ዋጋ የሚሰጥና ቶሎ ነድተህ ሂድልኝ የሚል ሰው ቢመጣ፣ በሬው የማን እንደሆነ ሳይጣራ ገመዱን የሚነካ የለም። እርስዎ ሲናገሩ ትሑት ስለነበሩ አላጣራንም። ዳልቻ የምንለውን የእርሻ በሬያችንን ሸጠን ላክንልዎ።

፪ኛ. ስለ ዋሱ አመሰግናለሁ። ከተሜ ከሆኑ ምናልባት አያውቁት ይሆናል፤ በእኛ ዘንድ በሬ ያለ ዋስ አይገዛም። በሬው የስርቆት ሆኖ ቢገኝ ወይም ቀንበር አልሸከም ቢል መጀመሪያ የሚንኳኳው የሻጩ ደጅ ሳይሆን የዋሱ ደጅ ነው። ቢሻውም የአባቱ ልጅ ነውና «ዋስ ይጥሩልኝ» ብሎ ጻፈልዎ። ሳይሥቁ አልቀሩም። ወዲያው ግን እንኳየሁ የሚባል የጭልጋ ልጅ ሣጥን ታቅፎ ሲስቅ የሚያሳይ ፎቶ ላኩለት። ቢሻው ስልኩን ይዞልኝ መጣና «እማ፣ እስቲ ፊቱን እዪው፤ ይህ ሰው ይዋሻል?» አለኝ። አየሁት፤ ሸጋ ልጅ ነው። «ይህስ የእናት ልጅ ነው» አልኩ። ዋስ በአንደበቱ «እኔ አለሁ» ማለት ይገባዋል፤ ፎቶ አንደበት የለውም። ይህን ሁለታችንም ረሳነው።

፫ኛ. ስለ ማኅተሙ አመሰግናለሁ። ሣጥኑ ሲመጣ ዙሪያውን ታሽጎ «ማኅተሙ ከተቀደደ አንጠየቅም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። መምሬ ሐብተ ማርያም ጸበል ሊረጩልን መጥተው «ክፈቱትና ውስጡንም ይንካው» ቢሉ፣ ቢሻው «አባ፣ ማኅተም አለው» አላቸው። እሳቸውም በታተመ ነገር የማይደፍሩ ሰው ናቸውና ከላይ ከላይ ረጭተው ሄዱ። ቢሻውም ሣጥኑን ታቅፎ ግድግዳችን ሥር ፎቶ ተነሣና፣ ዕቃው ደረሰኝ ሲል ላከልዎ። በአገራችን የማይከፈት ነገር ይከበራል፤ እርስዎ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። መብራት ላይ ሲሰካ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርም ነበር፤ አረንጓዴ መብራትም ነበረው፤ በልጄ ስልክ ላይም ያፈራው ገንዘብ ነው የተባለ ቁጥር በየማለዳው ከፍ ይላል። አሁን ሣጥኑ ከቤት ወጥቷል። ነገር ግን መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ያ ድምፅ ከዚያው ማዕዘን ይሰማኛል። ተነሥቼ አየዋለሁ። ወለሉ ላይ ሣጥኑ የነበረበት ቦታ ብቻ አለ። ተመልሼ እቀመጣለሁ፤ ድምፁ ግን አይተወኝም።

፬ኛ. ስለ ጥገናው። ቢሻው ያፈራውን ላውጣ ሲል መጀመሪያ ግብር ክፈል አሉት፤ ከፈለ። ከዚያ ማሽኑ ታሟልና ማኅተሙ ሳይነካ ዛሪማ ወዳለው ጥገና ቤታችን ውሰደው አሉት። ዛሪማን የመረጡት እስከዚያ ድረስ ማን ይሄዳል ብለው እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። ልጄን አላወቁትም። ሣጥኑን በእኔ ነጠላ ጠቅልሎ ወጣ። አብረውት የተሳፈሩት እንደነገሩኝ፣ ረዳቱ ማኪናው ላይ ልጫነው ቢለው «ይንገጫገጭብኛል» ብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ሊማሊሞ ላይ ጉም ነበር፤ ማኪናው ተገለበጠ። ሌሎቹ ያገኙትን ይዘው፣ ወንበር ጨብጠው፣ ተጎድተውም ቢሆን ተረፉ። የእኔ ልጅ ሁለት እጆቹ ሥራ ይዘው ነበር።

ሣጥኑን ከሬሳው ጋር አመጡልኝ። ማኅተሙ ያን ጊዜ ተቀደደ። ውስጡ ማራገቢያና ትንሽ አምፖል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ድንጋይም ነበረበት። ድንጋዩ ታጥቧል። ስለ ንጽሕናዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሪማም ሰው ልኬ አስጠየቅሁ፤ በሰጡት አድራሻ ያለው የእህል ወፍጮ ነው።

፭ኛ. ስለማይቋረጠው ደንበኛ አክባሪነትዎ። የልጄን ስልክ ዛሬም ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ ለምን እንደማደርገው አይጠይቁኝ። በዐርባው፣ ካህናቱ ገና ፍትሐት ላይ ሳሉ፣ ስልኩ ጮኸ። «ውድ ቢሻው፣ ማሽንዎ እንዴት ነው? ከጮራ ጋር ረጅም ዕድሜ!» ይላል። ድንኳኑ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በስሙ የሚጠራው ሰው ከእርስዎ በቀር ባይኖርም፣ እኔ ግን ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ።

ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ ዝም ልል ነበር። ለሚመለከተው ክፍል አመልክቼም የሻጩን ትክክለኛ ስምና አድራሻ ይዘሽ ነይ ተብያለሁ፤ እርስዎ እንዲሰጡኝ በትሕትና እጠብቃለሁ። ዝምታዬን ያስተወኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

በጥቅምት አንድ ሽማግሌ ገበሬ በአህያ ሣጥን ጭነው ደጄ ቆሙ። አያ አድማሴ ይባላሉ። «የቢሻው ቤት ይህ ነው?» አሉኝ። ነው አልኳቸው። «ጥሩልኝማ። ለልጄ ይህን ስገዛ ዋሱ እሱ ነው ብለው ፎቶውን ሰጡኝ። ዕቃው አልሠራም፤ ይውጣና ያናግረኝ።» ጠባዬ ጠፍቶብኝ ሳይሆን ሌላ ቃል ስላጣሁ፣ ከነአህያቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወሰድኳቸውና መቃብሩን አሳይቼ «ይኸው፤ ያናግሩት» አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ እዚያው አጥሩ ሥር ሣጥኑን በቢላዋ ከፈቱት። ድንጋይ ነው። መልሰው ይጭኑት እንደሆነ ብጠይቃቸው «ምነው፣ አህያዬ ምን በደለች?» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቃችን ግን አላማረም።

እኔም በሥርዓቱ ዋሴን ልጥራ ብዬ ጭልጋ ሄድኩ። እንኳየሁ በሕይወት አለ። ሣጥኑ ያን ጊዜም እንደታሸገ ቤቱ ውስጥ ያጉረመርም ነበር። ጭልጋ ድረስ ማን አስመጣሽ ሲለኝ «አንተ ነህ ያስመጣኸኝ፤ ዋሴ ነህ» አልኩት። የማን ዋስ እንደሆነ የነገረው ሰው እንኳ አልነበረም። እናቱ አጠገቡ ነበረች፤ ማኅተሙን ሲቀድድ ቢላዋውን ያቀበለችው እሷ ናት።

ክቡር ሆይ፣ በሬዬን ይመልሱልኝ አላልኩም። በእኛ አገር ዋስ ቢሞት የሚጠየቀው ቤተሰቡ ነው፤ ስለዚህ በልጄ ፊት ያመነ ሁሉ ወደ እኔ ደጅ ይመጣል፣ እኔም እየወጣሁ መቃብር አሳያለሁ። ልጄ በሕይወቱ ሰው አላታለለም። አፈር ለብሶ እንዲያታልል አያድርጉት። ፎቶውን ያንሱልኝ፤ ከዋስነት ያውርዱልኝ። የምለምንዎት ይህን ብቻ ነው።

ድንጋይን ለማጠብ ላልሰነፉት እጆችዎ በአክብሮት እጅ እየነሣሁ፣ የላኩት ሁሉ በክብደቱ ልክ ወደ እርስዎ እንዲመለስ ከልብ እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የትነበርሽ አዘዘ
የዋስዎ እናት
ኮላ ድባ

ግልባጭ፦ ለቢሻው ስልክ፤ የእርስዎ መልእክት የሚደርሰው እዚያ ነውና

ማስታወሻ፦ ዋስ አጥተው እንዳይቸገሩ አስቤልዎታለሁ። እንኳየሁ፣ አያ አድማሴና እኔ፣ ቢሻው በተነሣበት ግድግዳ ሥር ድንጋዮቻችንን ታቅፈን ፎቶ ተነሥተናል። አልሳቅንም። እንኳየሁ ፎቶውን በየማስታወቂያዎ ሥር እየለጠፈው ነው፤ ቢያጠፉት መልሶ ይለጥፈዋል። ሟቹን ይልቀቁልኝ፤ ሦስታችን በሕይወት አለን፣ በአንደበታችንም «ድንጋይ ነው» ብለን ዋስ እንሆንዎታለን።