ላልሞተ ሰው የወጣ ሳንቃ

ካሌታ፣ ማዮ ደሴት
ጁን 14 ቀን 1996

ለቫልዴሚሮ፣

«ውዴ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እንደምን ከረምክም አልልህም፤ እኛ እዚህ ባለፈው ሳምንት በቁምህ አልቅሰንልሃል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ሊዝበን ውስጥ ሲሚንቶ እየተሸከምክ መሆንህን አላጣሁትም። ወሬው ከሌላ ሰው አፍ ሳይደርስህ ከእኔ ስማው ብዬ ነው የምጽፍልህ። ጥፋቱም ያንተው ነው።

«ፕራያ ከተማ ላይ ለቤት ኪራይ ከምትገፈግፉ እናቴን ይዘሽ ማዮ ግቢ፤ የአባቴ ቤት ባዶውን ቆሟል» አልከኝ። እሺ አልኩ። «የጀልባው ጭነት ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል፤ ሁሉንም ሽጪው። አልጋም ጠረጴዛም በኮንቴይነር እልካለሁ፤ ለሳንታ ክሩዝ በዓል አልጋ ላይ ነው የምትተኙት» አልከኝ። አሁንም እሺ አልኩ። ያንን ራስህ ቀለም የቀባኸውን የሰርጋችንን አልጋ፣ ሱኩፒራ ገበያ ውስጥ አንዷ ነጋዴ ዓይኗን በጨው አጥባ እንደ ነፃ ወሰደችው። እኔም ሞኟ አመሰግናለሁ ብዬ ሸኘኋት።

የአባትህ ቤት ግድግዳና ጣሪያ አለው፤ በዚህ አልዋሸህም። ከዚያ ውጭ አንዲት በርጩማ እንኳ የለችበትም። ዳሌያቸው የተሰበረ እናትህን ሲሚንቶ ላይ ምንጣፍ ዘርግቼ አስተኛኋቸው። ሳነሳቸው አልጮህም ብለው ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ጎናቸው መቁሰል ጀመረ። ሳንታ ክሩዝ መጣ፣ ከበሮ ተመታ፣ ተጨፈረ፣ አለፈ። ያንተ ኮንቴይነር ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ እንዳትል። ከተማው ድረስ ሄጄ ባለሱቁን አልጋ ጠየቅሁት። የፕራያውን ዋጋ እጥፍ ጠርቶ «ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነዋ!» አለኝ።

«ባሕሩን እኔም ተሻግሬዋለሁ፤ የእኔ ዋጋ ግን አልጨመረም» ብዬው ወጣሁ።

ከእኛ ቤት ቀጥሎ ያለውን፣ ሮተርዳም የሚኖሩትን ሰዎች ቤት ታውቀዋለህ። በመስኮት አጮልቄ አየሁ፤ አንሶላ የለበሱ አልጋዎች ተደርድረዋል። ቁልፉን የያዘችውን ዦርዢናን አንዱን ብቻ ታውሰኝ ብዬ ለመንኳት።

«ኦገስት ላይ ሲመጡ ምን እላቸዋለሁ?» አለች።

«ባለፈው ኦገስት መጥተው ነበር?»

«አልመጡም።»

«ካቻምናስ?»

«አልመጡም። ግን ቢመጡስ?»

ምን ትላታለህ? ትቻት አናጺው ቦኒፋሲዮ ዘንድ ሄድኩ። ደሴቱ በሙሉ ግራር ነው፤ ለአንድ አልጋ አያንስም ብዬ።

«ግራር ለከሰል እንጂ ለአልጋ አይሆንም» አሉኝ። «ይጣመማል፤ ቀጥ በል ብትይው አይሰማም።»

«ከባሌ ጋር አንድ ናቸዋ» አልኳቸው። ሳቁ። ከኋላቸው ግን ቀጥ ያለ፣ የሚያምር የጥድ ሳንቃ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። «ያስ?» አልኩ።

ሳቃቸው ጠፋ። «እሱ የሙታን ነው። መርከብ በማይመጣበት ሳምንት ሰው ቢሞት በምን ልቀብረው ነው? ለቁም ሰው አልሸጠውም።»

«እማማ ኢዚዶራ እኮ ሲሚንቶ ላይ ነው የተኙት!»

«አዝናለሁ፣ ልጄ። ለቁም ሰው አልሸጥም።»

ሰው አልጋ ለማግኘት መሞት አለበት እንዴ እያልኩ፣ አንተን እየረገምኩ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ኮንቴይነሩ መጣ ተባለ። ወደቡ ድረስ እንዴት እንደሮጥኩ ብታይ! የሰው ባል የላከው ቁም ሣጥን ይወርዳል፣ የሰው ልጅ የላከው ሶፋ ይወርዳል። በኛ ስም የወረደው አንድ በርሜል ነው። ከፈትኩት። ስኳር፣ ሳሙና፣ ያረጀ ሱሪህ። ከሥር ደግሞ በወርቃማ ፍሬም የገባ ትልቅ ፎቶህ፣ ያንተ ያልሆነ መኪና ተደግፈህ ጥርስህን ስታሳይ። አልጋ ጠብቄ ፎቶ! ልሰብረው ነበር። «ተይ፣ ተኝቼ የማየው ቦታ አድርጊልኝ» ያሉት እናትህ ናቸው ያተረፉህ።

ጠረጴዛ ስለሌለን በርሜሉን ደፋሁት፤ ዝገቱ እንዳይታይ ነጭ አንሶላ አለበስኩት፤ ፎቶህን ላዩ ላይ አቆምኩ። የሰፈሩ ጄኔሬተር ተበላሽቶ ስለነበር ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግራና ቀኝ ሻማ አበራሁ። ወለሉን ጠርጌ ምንጣፎቹን ዘረጋሁ፤ በሩን ለንፋስ ከፈትኩት። አንተ የማዮ ልጅ ነህ፤ እንዲህ ያለ ክፍል ምን ክፍል እንደሆነ ንገረኝ። እኔ ባዶ ቤት ማየት ስለለመደብኝ ምንም አልታየኝም።

ለዓሣ ሻጯ ለንያ ቶማዚያ ግን ታያት። ዓሣዋን ተሸክማ በደጅ ስታልፍ ቀና አለች፤ የዓሣውን ሳህን መሬት ላይ ጥላ እሪታዋን አቀለጠችው።

«ኡኡ! ዕቃውን አውጥተው ምንጣፍ አንጥፈዋል! ሻማ በርቶለታል! ቫልዴሚሮ! የኢዚዶራ አንድዬ!»

«ኧረ አልሞተም!» ብዬ ወጣሁ።

«አዬ ምስኪን፤ ገና አላመነችም» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። አንዱ ወንበር፣ አንዱ አግዳሚ፣ አንዱ ድስት ተሸክሞ ይመጣል፤ ለቅሶ ቤት በባዶ እጅ አይገባማ። አልሞተም ባልኩ ቁጥር ለቅሶው ይብሳል። «አለ! ሊዝበን ነው ያለው! አልጋ እልካለሁ ብሎ ፎቶ የላከ ቀጣፊ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «አበደች፤ ውሃ አምጡላት» አሉ። ዦርዢና እንኳ ከሮተርዳም ሰዎች ቤት ሁለት ወንበር ይዛ መጣች፤ ለሙት ሲሆን ቁልፉ ይዞርላታል።

በመጨረሻ እናትህ ከምንጣፋቸው ላይ እጃቸውን አነሱ። እሳቸው እውነቱን ይነግሩልኛል ብዬ ተነፈስኩ።

«ዝም በይ፣ ኦንዲና» አሉ። «አልቅሱለት። ከሄደ ጀምሮ ለብቻዬ ነው ያለቀስኩት። ዛሬ አግዙኝ።»

ቫልዴሚሮ፣ እዚያች ላይ እኔም ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ምን ብዬ እንዳለቀስኩ አትጠይቀኝ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ቦኒፋሲዮ ያንን የጥድ ሳንቃ አሸክመው መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው እናትህ አጠገብ ተንበረከኩ።

«ሬሳው በየትኛው መርከብ ነው የሚመጣው?»

«አይመጣም» አሉ እናትህ። «የሱን ሳንቃ ለእኔ አልጋ አድርግልኝ።»

በማግስቱ ቤት ለቤት እየዞርኩ እውነቱን ተናገርኩ። ንያ ቶማዚያ «እንባዬን መልሺ! ዓሣዬንም ድመት በላው!» ብላ ሰፈሩን አናወጠችው። ወንበሯን ስመልስላት ግን በእግሯ ገፋችው። «እዚያው ይሁን። ራሱ ተሸክሞ ያምጣልኝ፤ ፊቱን ልየው!» ቦኒፋሲዮ ዘንድ የሄድኩት ሳንቃውን መልሺ እንደሚሉኝ እርግጠኛ ሆኜ ነበር።

«ትናንትም ጠርጥሬ ነበር» አሉኝ። «ባሏ የሞተባት ሴት እንዲያ አትሳደብም።»

«ታዲያ ለምን ትተውት ሄዱ?»

«በሰው ስም የወጣ ሳንቃ ወደ ቤቴ ተመልሶ አይገባም። ከገባ ሌላ ሰው ይጠራል። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።» መዶሻቸውን አነሱና ተከትለውኝ መጡ።

እንግዲህ እናትህ አልጋ ላይ ናቸው፤ ቁስላቸውም እየጠገገ ነው። ጥቁር ለብሰዋል፤ አውልቁ ብላቸው አይሰሙኝም። ፎቶህን ወደ ግድግዳ አዙሪው አሉኝና አዞርኩት። በሩን ግን እንድቀረቅር አይፈቅዱልኝም። «ንፋስ ይግባ» ይላሉ። ንፋሱ ሌሊቱን ሙሉ እያሳላቸው ንፋስ ይግባ ይላሉ! «ግን ቢመጡስ?» ያለችኝን ዦርዢናን ስሰድብ ኖሬ፣ አሁን ቤቴ ውስጥ ሁለተኛ ዦርዢና አለችኝ።

ኮንቴይነር አትላክ። አልጋም፣ ጠረጴዛም፣ ፎቶም አልፈልግም። ፈጣሪ የሕንፃው መወጣጫ ላይ እግርህን ያጽናልህ፤ ለብርድም ለክፉ ሰውም አሳልፎ አይስጥህ። ይህን የምልህ ተናድጄ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ቦኒፋሲዮ ከዚያ ሌላ ሳንቃ የላቸውም። ጥድ የጫነ መርከብ መቼ እንደሚመጣም አያውቁም። የእናትህ ቀን ከደረሰ ይህንኑ አልጋ ፈትተን፣ የሬሳ ሣጥን አድርገን ነው የምንቀብራቸው። አልጋው ሳይፈታ ና።

ጥቁር ያልለበስኩት ሚስትህ፣
ኦንዲና