ሞተሩን እንዳትገዛ

ውድ ወንድሜ፣

«ጎበዝ እህቴ! አንደኛ ጀልባ ነው የገዛሽው አሉ» ብለህ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። ሞተር ልትገዛልኝ እንዳሰብክም አንብቤያለሁ። ሞተሩን እንዳትገዛ። ከገዛህም ከካርቶኑ ሳታወጣ መልሰው። ጀልባዋ ጠማማ ናት። እኔ ነኝ መርጬ የገዛኋት፣ ማንም አላታለለኝም። አጎታችንም «ጥሩ ናት» ያለህ እኔን ሊሸፍነኝ ብሎ ነው። ይኸው፣ ዋናውን ነገርኩህ። አሁን ውሃ ጠጣና ቀሪውን አንብብ።

በቅድሚያ ግን እኔም ልናደድብህ። ገንዘቡን ስትልክ ለምን በአጎታችን እጅ አደረግከው? «ትልቅ ሰው ይኑርበት» አልክ። እሺ፣ ትልቅ ሰው ነው። ግን ልብስ ሰፊ ነው! ሐይቁን የሚያውቀው ከሱቁ በር ላይ ቆሞ ነው። እግሩን ሲታጠብ እንኳ ሳፋው ውስጥ የሚገባው በጥንቃቄ ነው። እኔ ደግሞ ትምህርቴን ካቆምኩ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጀልባ ቀዝፌ፣ የሰው መረብ ጎትቼ፣ መዳፌ የጫማ ሶል መስሏል። አንተ ግን «እሱ ሳያየው አይገዛም፤ ይሄም ካልሆነ ወደ ክፍልሽ ትመለሻለሽ» አልክ። ያ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ይሄን የምለው ጥፋቴን ላንተ ለማሸከም አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለማሸከም ነው።

ባለን ገንዘብ የፋይበር ጀልባ ማየት ራሱ ድፍረት ነው። አንዱ ሻጭ ዋጋውን ሲነግረኝ «ሐይቁም አብሮ ነው የሚሸጠው?» አልኩት። ስለዚህ የቀረልን አሮጌ እንጨት ነው። አሮጌ እንጨት ሲመረጥ ደግሞ የሚታየው ቀለሙ ሳይሆን ከቀለሙ ሥር ያለው ነው። ይሄን ለአጎታችን ብነግረውም አልሰማኝም። መጀመሪያ ልቡን የሰጠው ለአንድ ሰማያዊ ጀልባ ነበር፤ ቀለሙ ገና ይሸታል።

«እዪው እንዴት እንደሚያበራ!» አለኝ።

ከኪሴ ሚስማር አውጥቼ ከሆዱ በታች ወጋ አደረግኩት። ሚስማሩ እስከ ራሱ ገባ። ባለጀልባው ዘሎ መጣ።

«አንቺ! ጀልባዬን አቆሰልሽው እኮ!»

«የሞተ አይቆስልም።»

«ማነው ይቺን ያሳደጋት?» ብሎ ወደ አጎታችን ዞረ።

«ያሳደገቻት እህቴ ናት» አለ አጎታችን፣ ፍርድ ቤት ለምስክርነት እንደቆመ ሰው። «እኔ የለሁበትም።»

ስንመለስ መንገድ ላይ ለብቻው ሳቀ። «የሞተ አይቆስልም» እያለ ደጋገማት። ያን ቀን ወድጄው ነበር፤ አልደብቅህም።

እንዲህ እያልን ሦስት ሳምንት ከዞርን በኋላ የአንድ ጡረተኛ ጀልባ አገኘን። ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ነው የሚሸጧት። ሚስማሬ ከየትም በኩል አልገባ አለ። ከዚያ የብስ ላይ እንዳለች ውሃ ሞላሁባት። ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ ካለ፣ ነገ ሐይቅ ላይ የሚገባው በሱ ነው። አንዲት ጠብታ አላወጣችም። ቀላል ናት፣ ብቻዬን ገፍቼ ውሃ ላይ አወርዳታለሁ። መቅዘፊያዋም አብሯት ነው። ዋጋዋ ልክ የኛ ገንዘብ። ገና ሳልገዛት የት እንደማስራት ሳስብ ነበር።

ይሄኔ አጎታችን ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አወረደ። ሜትሩን! አጥማጁ ሁሉ በተሰበሰበበት! ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ ኋላ ቀኝ ጥግ ለካ። ከዚያ እስከ ግራ ጥግ ለካ። ደግሞ ለካ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ለሦስተኛ ጊዜ ለካ።

«አራት ጣት ልዩነት አለ» አለ። «ልብስ ብትሆን አንድ እጅጌዋ አጥሯል ማለት ነው። እኔ ለደንበኛ አልሰጥም።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ «ጋሼ፣ ከሥሯም ትንሽ ቢያጥፉላት!» አለ። ሌላው «ቁልፏንስ ማን ይትከል?» አለ። ደሜ ፈላ። እሱ ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ ነገ ከነዚህ ሰዎች ጋር ውሃ ላይ የምውለው እኔ ነኝ።

«አጎቴ፣ አንተ ሱሪህን ለካ» አልኩት።

«ልጄ፣ ጠማማ ናት እያልኩሽ ነው።»

«ላንተ ያልጠመመ ምን አለ? ሚስትህም የሄደችው ስትለካት፣ ስትለካት ሰልችቷት ነው!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ወንድሜ፣ አፌ እንደሚቀድመኝ ታውቃለህ። ሌላ ጊዜ የሚቀድመኝ በትንሽ ነው፣ ሮጬ እደርስበታለሁ። ያን ቀን አልደረስኩበትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አጎታችን ሜትሩን ጠቀለለ፤ ቀስ ብሎ፣ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ሸኝቶ እንደሚጠቀልለው። ከኮቱ የውስጥ ኪስ ያንተን ፖስታ አውጥቶ እጄ ላይ አደረገልኝ። «ገንዘባችሁ ያው» አለና ሄደ። እኔም እልህ ይዞኝ፣ ጀርባው ከዓይኔ ሳይጠፋ ከፈልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወጣሁ። ወዲያ ማዶ ባለው ትልቅ ዛፍ አነጣጥሬ ነበር የምቀዝፈው። ትንሽ እንደሄድኩ ዛፉ ፊቴ የለም፤ በቀኜ በኩል ቆሟል። አስተካከልኩ። ደግሞ ወደ ግራ። መረቤን ቀጥ አድርጌ እዘረጋለሁ ብዬ እንደ ማጭድ ቆልምሜ ጣልኩትና ከአንዱ አጥማጅ መረብ ጋር ተጠላለፈ። «አንቺ፣ ልታጠምጂ ነው የወጣሽው ወይስ ልትዞሪ?» አለኝ። ሁለቱን መረብ ለያይተን እስክንጨርስ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩት ሐይቅ ውስጥ ስለሆነ መልቀምም አልተቻለም።

ከዚያ በቀጥታ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። በእግሬ ስሆን በቀጥታ መሄድ እችላለሁ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ።

«ጠማማ ነው የሸጡልኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ማናት ጠማማ?»

«ጀልባዋ ናታ! ወደ ግራ ትሄዳለች!»

አሰቡ። የውሸት አይደለም፣ ከልባቸው ነው ያሰቡት። «እውነትሽን ነው እኮ» አሉ። «ድሮ ከድንጋይ ጋር ተጋጭታ አንድ ጎኗን አሳድሼው ነበር። ኧረ እኔ ረስቼዋለሁ! በአንድ እጄ ጠበቅ አድርጌ ስቀዝፍ፣ ስቀዝፍ… ሃያ ዓመት ሆነኝ። አይዞሽ፣ አንቺም ትለምጂዋለሽ።»

ወንበር ሊያመጡልኝ ሲነሱ ትከሻቸውን አየሁት። አንዱ ከሌላው ወርዷል። አንገታቸውም ወደዚያው አዘንብሏል። ልቆጣ ብዬ አቃተኝ። የዋሸኝን ሰው መስደብ አውቅበታለሁ፤ የረሳን ሰው ምን ይሉታል? እኔ ግን ልለምዳት አልፈልግም። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ትከሻዬን እፈልገዋለሁ።

ያንተ መልእክት የደረሰኝ በዚያው ሳምንት ነው። ጭራሽ ሞተር አልክ! ለጠማማ ጀልባ ሞተር ማለት እኮ በፍጥነት መዞር ነው።

ትናንት ደግሞ አንድ ሰውዬ መጣ። ለአካባቢው አዲስ ነው፣ ጫማው ጭቃ አያውቅም፣ የመጀመሪያ ጀልባውን እየፈለገ ነው። ዞራት፣ ዳበሳት፣ ወደዳት። ከገዛሁበት በላይ ሊሰጠኝ ነው።

«ችግር የላትም አይደል?» አለኝ።

«የላትም» አንዲት ቃል ናት። ብላት ገንዘብህ ይመለሳል፣ አንተም ምንም አትሰማም፣ እኔም ጎበዝ እንደተባልኩ እቀራለሁ። ሰውዬው ደግሞ ልክ እንደኔ አንድ ቀን ጠዋት ይወጣና ዛፉ ይጠፋበታል።

«ወደ ግራ ትሄዳለች» አልኩት።

ሳቀ። አለመሳቄን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ፣ አመስግኖኝ ሄደ። ገና ከመራቁ ምላሴን ቆርጬ ለዓሣ መጣል አማረኝ። ይሄ አፍ ለስድብ ሲሆን ይሮጣል፤ ውሸት ሲፈለግበት ይተኛል!

እንደተናደድኩ አጎታችን ሱቅ ሄድኩ። ሦስት ደንበኞች ነበሩ። የሰደብኩት ሰው በተሰበሰበበት ስለሆነ ይቅርታውም ሰው ፊት ይሁን ብዬ አልተመለስኩም። በሩ ላይ ቆሜ «ጀልባዋ ጠማማ ናት፣ አንተ ልክ ነበርክ፤ ስለ ሚስትህ የተናገርኩት ደግሞ ብልግና ነው፣ ይቅርታ!» አልኩ። በጩኸት ነው ያልኩት፤ ሌላ ድምፅ አልወጣልኝ አለ። አንዷ ሴትዮ ጠብ መስሏት ቦርሳዋን አቀፈች።

አጎታችን ከማሽኑ ቀና አላለም። የሱሪ ዚፕ እየሰፋ ነበር።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው ከበሩ ዞር በዪ፣ ብርሃን ከለከልሽኝ።»

ዞር አልኩ እንጂ አልሄድኩም። ክሩን በጥርሱ በጠሰው። «ለወንድምሽ ጥሩ ናት ብዬዋለሁ» አለኝ። «ምን ልበለው ታዲያ? ሰድባኝ ጠማማ ገዛች ልበለው? በነጋታው ደብተር ያሸክምሻል። አሁን ግን አንቺው ጻፊለት። እኔ ሁለተኛ አልዋሽም፣ የመጀመሪያዋም እንቅልፍ ነስታኛለች።»

ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም። አልጠየቅኩትም። ስወጣ ሁለተኛዋን ሱሪ አንስቶ ነበር።

እንግዲህ ይኸው ጻፍኩ። ጀልባዋን እሸጣታለሁ፣ ግን ጉዷን ተናግሬ ነው። እንደዚያ የሚገዛ ሰው እስኪመጣ እሷኑ እየቀዘፍኩ ዓሣዬን አወጣለሁ። ስሸጣት የሚጎድለውን ከዓሣው እተካልሃለሁ። ሦስት ወር ስጠኝ። ከዚያ በኋላ «ወደ ክፍልሽ» ካልክ አልከራከርህም። እሺ፣ እከራከርሃለሁ፤ ግን እሰማሃለሁ።

ለእማዬ እንዳትነግራት። ያላወራችለት ጎረቤት የለም፤ «ልጄ ባለጀልባ ሆነች» እያለች አገሩን አዳርሳዋለች። አንተ ዝም ካልክ እሷ…

አይ፣ ተወው። አሁን ደግሞ አንተን ላስዋሽህ ነው። ራሴ እነግራታለሁ። ከእራት በኋላ እነግራታለሁ። አይሆንም፣ አሁኑኑ። ጓዳ ድስት እያጠበች ነው፣ ሁለቱም እጆቿ ሳሙና ውስጥ ናቸው። ከዚህ የተሻለ ሰዓት አላገኝም።

ሄድኩ።

እህትህ