ግማሽ ክኒን ለእሜቴ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 14 ቀን

ለምወድሽ ምራቴ፣

ከልጄ ጋር ከተለያያችሁ ወዲህ ምራቴ ብዬ ልጠራሽ አይገባም ይሉኛል። እነሱ የፈለጉትን ይበሉ፤ ወረቀት የፈታውን የኔ አፍ አልፈታውም።

እንዴት ከርመሽልኛል? አዲሱ ፀጉር ቤት ተስማማሽ? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ስለምትውዪ ማታ ማታ እግርሽን ከፍ አድርገሽ አሳርፊው። ገና ልጅ ነኝ ብለሽ አትናቂው፤ እግር ቂመኛ ነው፣ ቆይቶ ነው የሚከስሽ። እኔ አለሁ፤ ይህም መኖር ከተባለ።

የምጽፍልሽ በስልክ የማይነገር ነገር ስላለኝ ነው። እዚህ ቤት ስልክ ባነሳሁ ቁጥር የአዲሷ ጆሮ በር ሥር ይበቅላል። ከአንቺ በኋላ ያመጣትን ሴት ማለቴ ነው። ሁለት ዓመት ሆናት፣ እኔ ግን አሁንም አዲሷ ነው የምላት።

ልጄ ደውሎ "እሜቴ ተኝታ ሳለች ሞተች" ብሎሻል አሉ። አልቅሰሽ ከሆነ ለውሸት ነው ያለቀስሽው። ድመትሽ ተኝታ አልሞተችም። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ከጥቂት ወራት በፊት ነው የጀመራት። መስኮቱ ላይ መውጣት ተወች። ምግቧን ሁለት ጊዜ ላስ ታደርግና ትተኛለች። ተኝታ እንኳ ሆዷ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል። በልብስ ቅርጫት አድርጌ መስታወት ቆራጩ አጠገብ ወዳለችው የእንስሳት ሐኪም ወሰድኳት። ገና ልጅ ናት፤ መነፅሯ አፍንጫዋ ላይ አልቆም ብሎ አሥር ጊዜ ታስተካክለዋለች። እሜቴን ስታዳምጣት ቆየችና፣

"እማማ፣ አሥራ አራት ዓመት ለድመት እርጅና ነው" አለችኝ። "የልቧ ግድግዳ ወፍሯል፣ ደሙን እንደልብ መርጨት አቅቶታል። ሳንባዋ አካባቢ ውሃ ቋጥሯል።"

"ትድናለች?"

"መዳን እንኳ አትድንም። ግን ከተንከባከቧት ዓመትም ሁለት ዓመትም በሰላም ትኖራለች። አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎት፤ መድኃኒቱ ራሱ ጣጣ አለው። አንዱ ተሻለ ሲሉ ሌላ ያመጣል። ያኔ ተስፋ ቆርጠው እንዳይተዉት፣ ወደኔ ይምጡ።"

ሁለት ዓይነት ክኒን ሰጠችኝ። አንዱ ደም የሚያቀጥን፣ ሌላው ውሃ የሚያስወጣ። የውሃውን ሳየው "ይሄንንማ አውቀዋለሁ፣ እኔም ጠዋት ጠዋት እውጠዋለሁ" አልኳት። ሳቀችና "እንግዲያው የሷ ችግር ከማንም በላይ ይገባዎታል" አለችኝ። እውነቷን ነው።

በሦስተኛው ቀን ትንፋሿ ረጋ። እኔም ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ዕድሜ አልነበረውም።

መጀመሪያ የደም ማቅጠኛው ክኒን ጣጣ መጣ። በፎጣ እንደ ሕፃን ጠቅልዬ፣ መንጋጋዋን ከፍቼ፣ ምላሷ ሥር ጣል አደርግላታለሁ። እሷ ደግሞ ታውቂያት የለ፣ የዋጠች መስላ ደብቃ ታቆየውና ትነክሰዋለች። አንድ ቀን አፏ እንደ ሳሙና አረፋ ደፈቀ። ምራቋ ደረቷን አራሰው። ሞተች ብዬ በነጠላ ጫማ ወደ ሐኪሟ ሮጥኩ። ለካስ ክኒኑ እንደ ሐሞት መራራ ኖሯል! "ባዶ ካፕሱል ውስጥ ከተው ይስጧት፤ ከዚያ ትንሽ ውሃ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ያስከትሉላት" አለችኝ። ከዚያ በኋላ አረፋው ቀረ። እጄ ላይ ያለው ጭረት ግን እስካሁን አለ።

ቀጥሎ የውሃው ክኒን ተራ ሆነ። ድርቅ እንደመታው መሬት ትጠጣለች፣ የጠጣችውን ያህል ትሸናለች። አሸዋዋ ጋ እስክትደርስ አይጠብቃትም። ኮሪደሩ ላይ፣ ጫማ ላይ፣ አንድ ቀን ደግሞ አዲሷ ገና ልባሱን ያልገፈፈችለት ሶፋ ላይ። የዚያን ቀን የተባለውን አልጽፍልሽም፣ ወረቀቱ ያፍራል።

እኔ ምን ገዶኝ! ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ የበሽተኛ አንሶላ ያጠብኩ ሴት ነኝ። ሽንት ለኔ ልጄን ያሳደግኩበት፣ ያስተማርኩበት ሽታ ነው። ፕላስቲክ አነጠፍኩ። ሁለተኛ የአሸዋ ሳጥን ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩ፤ ውሃዋን በየክፍሉ አደረግኩላት። የነካችውን ሁሉ እዚያው በኮምጣጤ አጥባለሁ። ጠዋት እኔም ክኒኔን እውጣለሁ፣ እሷም ትውጣለች፤ ከዚያ ሁለታችንም ተራ በተራ ወደየጉዳያችን እንጣደፋለን። ብታዪን ትስቂ ነበር። እዚህ ቤት ግን የሚስቅ የለም።

ከዚያ የባሰው መጣ። የኋላ እግሮቿ ይከዷት ጀመር። ስትራመድ ወገቧ እንደ ሰካራም ይወላገዳል፤ አንገቷን ቀና ማድረግ እንኳ አቃታት። ምግብ ስሰጣት አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቶሎ አይመለስም። ልጄ እላዬ ቆሞ፣

"እማዬ፣ ተይ አሁንስ። አንድ መርፌ ናት። አይሰማትም እንኳ" አለኝ።

"ሳይሰማት ብትሞት ምን ይጠቅማታል?" ብዬው ቅርጫቴን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ሐኪሟ ደሟን መረመረች። ክኒኑ ከውሃው ጋር ፖታሲየም የሚባለውን ጨው ጠራርጎ አስወጥቶባታል፤ ኩላሊቷንም ጎድቷታል። "አዩት ጣጣውን፣" አለች፣ "ብናበዛው ኩላሊቷ፣ ብናሳንሰው ሳንባዋ። መሃሉን መፈለግ ነው ያለብን።" ክኒኑን በግማሽ ቀነሰችው። የጎደለውን ጨው የሚተካ፣ ምግቧ ላይ የሚነሰነስ ዱቄት ሰጠችኝ። ስትተኛ ትንፋሿን እየቆጠርኩ፣ በደቂቃ ከሠላሳ ካለፈ ሳልውል ሳላድር እንዳመጣት አስጠነቀቀችኝ።

መሃሉን ፈለግን፣ ምራቴ። ክኒኑን በምላጭ እከፍለዋለሁ፤ ከተፈረፈረብኝ የተፈረፈረውን ለይቼ እጥላለሁ። ሥጋውን ፈጭቼ ለብ አድርጌ በጣቴ አልሳታለሁ። መጀመሪያ ለኔ ስትል ነበር የምትልሰው፣ በኋላ ለራሷ። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለሁ ዘላ ወንበሩ ላይ ወጣች፤ ከወንበሩ ወደ መስኮቱ። ወደ ውጭ አየችና ዞራ ደግሞ እጄን በጥፊ መታችኝ፣ ሳህኗ ባዶ ስለነበር። ድመት አመሏን አትረሳ! ተቀምጬ አለቀስኩ፣ በደስታ ነው። ሽንቷም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋዋ ላይ ሆነ። ሐኪሟ መዘነቻትና "እማማ፣ መሃሉን አገኙት" አለችኝ። ሹመት ያገኘሁ ያህል ደረቴን ነፍቼ ነው የተመለስኩት።

በዚያው ሳምንት ልጄ ማታ ገባና ለስለስ ባለ ድምፅ "እማዬ፣ የድሮ የሥራ ጓደኛሽን ካየሻት ስንት ጊዜሽ ነው? ነገ እኔ ላድርስሽ፤ ቀኑን ሙሉ ስትጫወቱ ዋሉ፣ ማታ እወስድሻለሁ" አለኝ። በሱ መኪና ውስጥ የተቀመጥኩበትን ቀን በጣት መቁጠር ይቻላል፤ ታውቂያለሽ። ግን እናት ሞኝ ናት። ልጄ አሰበልኝ ብዬ የክት ቀሚሴን ለበስኩ። ለእሜቴ ጠዋት ክኒኗን ሰጥቼ፣ ውሃዋን ሞልቼ ወጣሁ። መስኮቱ ላይ ነበረች።

ስመለስ ቤቱ ታጥቧል። የውሃ ሳህኖቿ የሉም። ፕላስቲኩ ተነስቷል፤ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተዋል። "ተኝታ ሳለች አለፈች፣ እማዬ። አንቺ እንዳታዪ ብለን ጓሮ ቀበርናት" አለኝ። አቅፎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም አመንኩት። ጠዋት ወደ ጓሮ ወጣሁ። አፈሩ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ አካፋ የነካው ቦታ የለም። ሌላ ቦታ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሰው ሲፈልግ ራሱን ማታለል አያቅተውም።

የተረፈውን መድኃኒት ለሌላ በሽተኛ ይሁን ብዬ ለሐኪሟ ወሰድኩላት። ከረጢቱን ስሰጣት እጄን ያዘችኝ።

"በጣም አዝናለሁ፣ እማማ። እርስዎ መምጣት ስላልቻሉ ልጅዎን መላክዎ ገብቶኛል። እኔ እንኳ እየተሻላት ነው፣ ትንሽ ይታገሱ ብዬው ነበር። 'እናቴ ወስናለች፣ ቆማ ማየት ስላልቻለች ነው የላከችኝ' አለኝ።"

መደርደሪያውን ያዝኩ። ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? "አዎ፣ እርጅና ነው፣ መላኬን ረስቼው ነው" አልኳት። ልጄን በባዳ ፊት ውሸታም ማድረግ አልሆነልኝም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ የወለደውን ሁሉ ይሸፍናል። ልጅቷ ግን አላመነችኝም፣ መነፅሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች።

"አብሯት ነበር ወይ?" አልኳት።

"መኪናው ውስጥ ነው የጠበቀው። አይዞዎት፣ እኔ ይዣት ነበር።"

እግዜር ይስጣት። ከኛ ቤት ሰው አንድም አልነበረማ።

ራት ላይ "ሐኪሟ ጋ ነበርኩ" አልኩ። ልጄ ሹካውን አስቀመጠ።

"እማዬ፣ አንቺ እንዳትጎጂ ብዬ ነው።"

"በኔ ስም ገድለህ ነው እኔ የማልጎዳው?"

"ድመት እኮ ናት!"

"እሷስ ድመት ናት። አንተ ማን እንደሆንክ ነው የጠፋኝ።"

አዲሷ ጣልቃ ገባች። "እማማ፣ እኛም እኮ ሰዎች ነን። እንግዳ መጥቶ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚወጣው። ለሷም ቢሆን ዕረፍት ነው። በዚያ ዕድሜ በክኒን ተንጠልጥሎ፣ በየቦታው እያመለጠ፣ ያ ኑሮ ነው እንዴ?"

ይህን ስትል የኔ የክኒን ዕቃ ጨውና በርበሬው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። እነሱ አላዩትም። እኔ አየሁት። "ልክ ነሽ" አልኳትና ተነሳሁ።

ባለፈው አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጸዳጃ ቤቱ ጋ ሳልደርስ አመለጠኝ። ራሴ አጠብኩት፣ ማንም አላየም ብዬ ነበር። በማግስቱ ፍራሼ ላይ ፕላስቲክ ተነጥፎ አገኘሁት፤ በተገላበጥኩ ቁጥር እንደ ፌስታል ይንኮሻኮሻል። ትናንት ደግሞ ልጄ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና፣ "እማዬ፣ ቅዳሜ መኪና ይዤ ልውሰድሽ። ከከተማ ወጣ ያለ ጥሩ ቦታ አለ፣ አትክልት አለው፣ ነርሶች አሉት። ዝም ብለሽ እዪው" አለኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። "አስቤ እነግርሃለሁ" አልኩት።

አሁን ስለ አንቺ ንገሪኝ። ቤትሽ ስንት ክፍል ነው? ደረጃ አለው? እንዲሁ ነው የምጠይቅሽ፤ ደረጃ ቀስ ካልኩ እወጣለሁ። መጸዳጃው ከመኝታው ይርቃል? ፀጉር ቤታችሁ ውስጥ ያን ሁሉ ፎጣ ማን ነው የሚያጥብላችሁ? ፎጣ በሙቅ ውሃ ብቻ ከታጠበ ይሻክራል፣ አጣጣቡን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። አከራይሽ እንስሳ አላስገባም ብሎሻል፣ ነግረሽኛል። ስለ አሮጊት ያለው ነገር አለ?

ቀልዴን ነው። ሥራ አትፍቺ፣ ለዚህ ብለሽም አትጨነቂ። ደብዳቤው ከቅዳሜ በፊት ከደረሰሽ ግን ድምፅሽን አሰሚኝ፤ ቀን ቀን ደውዪ፣ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። ክፉ አይይሽ፣ የሰው ፊት አያሳይሽ። እርጅናሽን ፈጣሪ ሰው መሃል ያድርግልሽ። ደጅሽ ሰፊ ይሁን።

አማትሽ፣
ከፈቀድሽልኝም እናትሽ